ታፔላው «የሕፃናት ስፔሻሊስት» ይላል፤ እውነት ነው?

ባለፈው ፕሮግራማችን ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ርዕሱ ለልጅ ሐኪም መምረጥ ነበር። አየር ላይ ተጣድፌ የመለስኳቸውን እና ሰዓት ያለቀባቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። እኔም የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ለሙያ ባልደረቦቼ ያዳላሁ ከመሰላችሁ አንብባችሁ ፍረዱ።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሰባት ወሬ ነው። የልጁን ሐኪም ከአሁኑ ልፈልግ ወይስ መጀመሪያ ይወለድ?»

መልስ፦ ከአሁኑ ፈልጊ እህቴ። ከወለድሽ በኋላ እንቅልፍም ጊዜም አይኖርሽም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ወላጆች በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ውስጥ ሐኪሙን አንዴ አግኝተው እንዲያነጋግሩ ይመክራል። ሕፃኑ በተወለደ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ መታየት አለበትና ነው። ያኔ ቆዳው ወይም ዓይኑ ቢጫ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ከተወለደበት ክብደት ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። ጡት አጠባቡም ይታያል። አራስ ሆነሽ በየክሊኒኩ ስልክ መደወል አትፈልጊም።

ማንን ልጠይቅ ላልሽው፣ አዋላጆችንና የማዋለጃ ክፍል ነርሶችን ጠይቂ። ብዙ ሐኪም በሥራ ላይ ያያሉ። ግን «ጎበዙ ሐኪም ማነው?» አትበያቸው። ሁሉም ጎበዝ ናቸው ብለው ይሸኙሻል። «የራስሽን ልጅ ማን ጋ ነው የምትወስጂው?» በያት። መልሱ ወዲያው ይቀየራል።

ቅርበቱንም አትናቂው። በዚያው አካዳሚ መርሐ ግብር፣ ከአራስነቱ ምርመራ በኋላ ጤነኛ ልጅ እንኳ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ወሩ ይታያል። መታመም ሲጨመርበት ስንት መመላለስ እንደሆነ አስቢው። ከተማውን አቋርጠሽ የምትሄጂበት ዝነኛ ሐኪም፣ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ መቅረት ትጀምሪያለሽ።

ጥያቄ፦ «ሰፈራችን አንድ ክሊኒክ ተከፍቷል። ታፔላው የሕፃናት ስፔሻሊስት ይላል። እውነት መሆኑን በምን ላውቅ?»

መልስ፦ የሳምንቱ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ታፔላ ቀለም ቀቢ የሚጽፈው ነገር ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ደግሞ ብዙ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንደኛው፣ ይህ ሰው በሐኪምነት እንዲሠራ ሕጋዊ ፈቃድ አለው ወይ? ሁለተኛው፣ ከሐኪምነት በላይ የሕፃናት ሕክምናን ለይቶ ተምሮ ጨርሷል ወይ? የመጀመሪያው «አዎ» ስለሆነ ሁለተኛውም «አዎ» ነው ማለት አይደለም።

አሜሪካን ብንወስድ፣ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ የሕክምና ቦርድ ነው። ስፔሻሊስትነቱ ግን ሌላ ቤት ነው። ሐኪሙ ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚማረውን የስፔሻሊስት ሥልጠና፣ ይሠራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ የሚሰጠውን ፈተና ያልፋል። ይህን የቦርድ ፈተና ሳይወስድ በፈቃዱ ብቻ መሥራት ይችላል፤ ሕግ አልጣሰም። ማወቅ ግን የወላጅ መብት ነው። የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የሐኪሙን ስም ጽፎ ማየት ይቻላል፤ አያስከፍልም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሚገኙት አንድ ቦታ ነው፤ ሐኪሞችን የሚመዘግበው የጄኔራል ሜዲካል ካውንስል መዝገብ። ይህም ለማንም ክፍት ነው። እዚያ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። «ተመዝግቧል» እና «ተመዝግቦ የመሥራት ፈቃድ አለው» የሚሉት አንድ አይደሉም። ስሙ መዝገብ ላይ ያለ ግን ሕመምተኛ የማከም ፈቃድ የሌለው ሐኪም ሊኖር ይችላል። ስፔሻሊስት መዝገብ ውስጥ መግባቱ ደግሞ ለብቻው በሌላ መስመር ይጻፋል።

ሌላም አገር ብትሆኑ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ አንድ አካል አለ፤ ጤና ሚኒስቴር፣ ቦርድ ወይም ምክር ቤት ይባል ይሆናል። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ከሌለ ስልክ ደውላችሁ ወይም ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከመፈለጋችሁ በፊት ግን ሙሉ ስምና የምዝገባ ቁጥር ያዙ። ስም ሞክሼ አለው፤ ቁጥር ሞክሼ የለውም። የእኛን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሰው እንደፈለገ ይጽፈዋል። አንድ «ኀ» በሦስት ዓይነት ፊደል ስትጻፍ አይቻለሁ። ስሙ አልተገኘም ብላችሁ ሐኪሙን አጭበርባሪ ከማለታችሁ በፊት አጻጻፉን ቀያይራችሁ ሞክሩ።

ገጹ ሲከፈት ዓይናችሁን አራት ቦታ ላይ አሳርፉ፤ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለ ወይም የታገደ መሆኑ፣ የሙያ ዘርፉ፣ እና «በዚህ ሁኔታ ብቻ እንዲሠራ» የሚል ገደብ ካለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንም ወረቀት አንብቡት። አንድ ጊዜ የጓደኛዬን ልጅ ይዤ የሄድኩበት ክሊኒክ ውስጥ አምስት ሰርተፍኬት ተደርድሯል። ቀረብ ብዬ ሳነብ አራቱ የሁለትና የሦስት ቀን ሥልጠና ተሳትፎ ናቸው። አምስተኛው ፈቃድ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። ፍሬሙ ግን ያምር ነበር።

ጥያቄ፦ «ፈቃድህን አሳየኝ ማለት ነውር አይሆንም? ሐኪሙ ቢቀየመኝና ልጄን በደንብ ባያይልኝስ?»

መልስ፦ ሐኪሙን ራሱን መጠየቅ ማን ግድ አለዎት አባቴ? ከቀጠሮው በፊት ስልክ ይደውሉና ሪሴፕሽኗን «ልጄን የሚያየው ሐኪም ሙሉ ስምና የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው? የሕፃናት ሕክምና የተማረው የት ነው?» ይበሏት። በየቀኑ የምትመልሰው ጥያቄ ነው፣ ወይም መሆን ነበረበት። እኔን ከጠየቁኝ ደስ ይለኛል፤ ያንን ወረቀት ለማግኘት ስንት ሌሊት ተቀምጬበታለሁ። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎት ደግሞ ሳይከፍሉ አንድ ነገር አወቁ።

ጥያቄ፦ «ስሙን ፈልጌ አገኘሁት። ከዓመታት በፊት ተቀጥቶ ነበር ይላል። ልጄን ላንሳ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ቅጣቱ ስለ ምን እንደሆነ አንብብ ወንድሜ። ፈቃዱን ዘግይቶ በማደሱ የተቀጣ ሐኪም አለ። መዝገብ በአግባቡ ባለመያዙ የተቀጣም አለ። ሕመምተኛ የበደለ፣ ሰክሮ የሠራ ወይም ያለ በቂ ምክንያት መድኃኒት ያዘዘም አለ። እነዚህ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ተከሰሰ መባል ብቻውንም ጥፋተኛ አያደርግም። እኔ የምፈራው መደጋገምን ነው። ተመሳሳይ ጥፋት ሁለቴ ሦስቴ ካየሁ ልጄን ይዤ እወጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ለሐኪም የሚሰጡት ኮከብ ይታመናል?»

መልስ፦ ኮከቡን ተዉት፣ ጽሑፉን አንብቡ። «ሁለት ሰዓት አስጠበቁኝ» የሚለው ስለ ቀጠሮ አያያዝ ነው። «አንቲባዮቲክ አላዝልህም አለኝ» ብሎ አንድ ኮከብ የሰጠውን ሳነብ ግን እኔ ለሐኪሙ አምስት እሰጠዋለሁ። ተራ ጉንፋን የቫይረስ ነገር ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

ጥያቄ፦ «እኛ ጋ የሕፃናት ስፔሻሊስት የለም። ልጆቼን የሚያያቸው ጠቅላላ ሐኪም ነው። በደልኳቸው?»

መልስ፦ አልበደልሻቸውም። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው በጠቅላላ ሐኪም ነው። የሕፃናት ስፔሻሊስቱ በአብዛኛው ሆስፒታል ተቀምጦ የተላከለትን ያያል። ጥሩ ጠቅላላ ሐኪም ማለት የማይችለውን ለይቶ ቶሎ ሪፈር የሚጽፍ ነው። «እስካሁን ሪፈር የምትልኩት የት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ሳያስብ ቦታውን ከነገረሽ መንገዱን የለመደ ሰው ነው። ያለጊዜው የተወለደ፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለሽ ግን ሩቅም ቢሆን ስፔሻሊስት አልፎ አልፎ ይየው።

ጥያቄ፦ «ወረቀቱ ሁሉ ሙሉ ነው። ጥሩ ሐኪም መሆኑን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በምን ልለይ?»

መልስ፦ እጁን ታጥቦ ይጀምራል? ሕፃኑን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል? ብዙ ቦታ ይህ ይዘለላል። የልጅ መድኃኒት መጠን በአብዛኛው በኪሎ ይሰላል። የዛሬ ክብደቱን ሳያውቅ ሽሮፕ የሚያዝ ሐኪም እየገመተ ነው። ማዘዣው ላይ «በማንኪያ» ሳይሆን በሚሊ ሊትር ይጻፍላችሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም ሲሪንጅ ተጠቀሙ። የቤት ማንኪያ ትልቅም ትንሽም አለው።

ከትንንሾቹ ጋር ደግሞ ሜትሩን አውጥቶ የልጁን የጭንቅላት ዙሪያ ይለካል። ክብደቱን፣ ቁመቱንና የጭንቅላቱን ዙሪያ የዕድገት ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ አድርጎ ያሳያችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሰንጠረዥ እስከ 5 ዓመት ድረስ ይሠራል። አንድ ነጥብ ብዙ አይናገርም። መስመሩ በተከታታይ ወራት ወዴት እንደሚሄድ ነው የምናየው። ስለዚህ ሐኪም ስትቀይሩ ካርዱን፣ የክትባቱንም ጨምሮ፣ ይዛችሁ ሂዱ። አለበለዚያ አዲሱ ሐኪም የሚያየው ያቺን አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ደግሞ ስትወጡ ምን አለ? «ይሻለዋል፣ ሂዱ» ብቻ ከሆነ ተመልሳችሁ ጠይቁ። «ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ሽንት ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ከዋለ ቶሎ አምጡት» የሚል ሐኪም አጥብቃችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ «ሌሊት ቢታመምብን ያ የመረጥነው ሐኪም ምን ያደርግልናል?»

መልስ፦ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። ስልክ የሚያነሳ ማነው? እሱ ከሌለ ማን ይተካዋል? ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው የሚልካችሁ? መልሱን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። አንድ ነገር ግን ስልክ አይጠብቅም። ልጁ 3 ወር ካልሞላውና ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፈገግ እያለም ቢሆን፣ የመረጣችሁትን ሐኪም ተዉት። ማታ ከሆነ ማታ፣ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።