አንድ ሊፍት፣ ሦስት ካሌንደር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ተኝቷል። እናቴ ሳሎን ዜና እያየች ነው፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ባለፈው አንዲት አድማጭ ጻፈችልኝ። እንደኔ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምትኖረው። ልጇን ልታስመዝግብ ነውና «ቻርተር ይሻለኛል የሰፈሩ?» አለችኝ። መልስ ልጽፍላት ቁጭ ስል የዚያ የኮሮና ዓመት ንዴት እንደ አዲስ ተነሳብኝ። የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። እና እህቴ፣ መልሱን በድምፅ ልሞክረው፤ ከረዘመ ቻዪኝ።

ቻርተርን ለማታውቁ በአጭሩ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ ወላጅ አይከፍልም። የሚመራው ግን የራሱ ቦርድ ያለው ድርጅት ነው። ዲሲ ውስጥ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከ60 በላይ ናቸው። በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት የከተማዋ ልጆች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እነሱ ዘንድ ነው። ቦታው የሚገኘው በሎተሪ ነው። እኛ ሀበሾች ደግሞ ሎተሪ ሲባል ዲቪ ነው ትዝ የሚለን። የልጄ ስም ሲወጣ እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዘች እልል አለች።

ከዚያ ማርች 2020 መጣ። አጋማሹ ላይ የኛ ተዘጋ፣ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባም ተዘጋ። የሥጋ እህቴ እዚያ ናት። ተደዋወልን፣ «ሁለት ሳምንት ነው» ተባብለን ስቀን ዘጋን። በኛ አቆጣጠር በ2013 መጀመሪያ ወራት አገር ቤት ቀስ በቀስ መከፈት ሲጀምር የሷ ልጆች ማስክ አድርገው በፈረቃ ገቡ። የኔ ልጅ አንደኛ ክፍልን የጀመረው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። «አሜሪካ ገና አልከፈተችም እንዴ?» ትለኛለች በየሳምንቱ። ምን ልበላት!

የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ያኔ ልጆቻቸው ለትምህርት ያልደረሱትን ሳይጨምር ሦስት የሀበሻ ቤተሰብ ነበርን። አንዷ ልጇን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። እኔና ሌላዋ ቻርተር፣ ግን የተለያየ። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፦ «የናንተስ ምን አለ?» የሰፈሩ ሁሌም የራሱን ይላል፣ የሌላዋም የራሱን፣ የኔ ደግሞ «በቅርቡ እናሳውቃለን» ይላል። አንድ ሊፍት፣ ሦስት ካሌንደር።

የሰፈሩ ትምህርት ቤትም ቢሆን ቀጥ ያለ ነገር አልነበረውም። ኖቬምበር 9 ይከፈታል ተባለ፣ ተሰረዘ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 2021 መጀመሪያ፣ በረዶው ትንሽ አዘግይቶት፣ ለተወሰኑ ልጆች ተከፈተ። ግን ጎረቤቴ ማንን እንደምትወቅስ ታውቃለች። ከንቲባዋ ሙሪየል ባውዘር አለች። ሴትየዋን ቲቪ ላይ ስታያት ትሰድባታለች፣ ይወጣላታል። ምርጫ ሲደርስ ድምፅ መንፈግም ትችላለች።

እኔ ማንን ልስደብ? ከተማው ጋ ደወልኩ። «ቻርተሮች የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ጋ ደወልኩ። «የጤና መመሪያውን እየተከታተልን ነው» አሉኝ። መመሪያው እኮ ለሁሉም አንድ ነው! ታዲያ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ቻርተር ለምን ልጆች አስገባ? ሰው ሁሉ «የመምህራን ማኅበሩ ነው ያስቆመው» ይል ነበር። ለከተማው ትምህርት ቤቶች ያስኬዳል። አብዛኞቹ ቻርተሮች ግን ማኅበር የላቸውም፤ የኛም የለውም። እሱን ሰበብ ማድረግ አልቻልኩም።

የቦርድ ስብሰባ ገባሁ። በዙም ነው። በሕጉ ቦርዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተማሪ ወላጆች መኖር አለባቸው፣ ነበሩም። ግን ማን እንደሆኑ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ እኔ አልመረጥኳቸውም። ስለ በጀት አንድ ሰዓት አወሩ። ቻቱ ዝግ ነው። «ጥያቄ ያላችሁ ወላጆች ቀደም ብላችሁ በፎርም ላኩ» ተባለ። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ተኩል ሰው ሲያወራ አየሁ።

አንድ የሚያስቅም ነገር ልንገራችሁ። አማርኛ ዲሲ ውስጥ ተራ ቋንቋ አይደለም። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶችን በአማርኛም ያወጣሉ። ትምህርት ቤታችንም ከነሱ ላለማነስ ይመስለኛል፣ ደብዳቤ በአማርኛ ላከ። «ውድ ወላጆች፣ በቅርቡ ወደ ዲቃላ ትምህርት እንሸጋገራለን።» ሃይብሪድ ለማለት ነው፣ ግማሹን በአካል ግማሹን በዙም። ማሽን ነው የተረጎመው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። «ማንን ነው የሚሳደቡት?» አለችኝ። ያን ቀን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ዙም ራሱ «ዲቃላው» ሆኖ ቀረ። «ልጁ ዲቃላው ላይ ነው፣ አትረብሹት።»

እናቴ ናት ቁጭ ብላ ልጁን የምታስተምረው ማለት ይቻላል። እኔ ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ ያን ዓመት ደብል ሺፍት ነበር። ባለቤቴ ይሾፍር ነበር፣ ኤርፖርቱ ጭር ሲል ማታ ማታ ምግብ ማድረስ ጀመረ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። አስተማሪዋ «ማይክህን ክፈት» ስትል እሷ የቱን እንደሚነካ በልቧ ይዛዋለች። ልጁ ጠረጴዛ ስር ሲገባ ጎትታ ታወጣዋለች። «ልጅ ከልጅ ጋር ካልተጋፋ ምኑን ተማረ?» ትለኛለች ማታ ስገባ። ማንበብ መጀመር የነበረበት ዓመት ነው። ፊደሎቹን እየዘለለ ስዕሉን አይቶ ይገምት ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደማልኮራበት ክፍል ልምጣ።

ማርች 2021 ላይ ኢሜይል መጣ። ለልጅዎ ቦታ አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመልሱ። ስንት ወር የጮህኩበት ነገር። ዝርዝሩን አነበብኩ። በሳምንት ሁለት ቀን። ልጁ ክፍል ውስጥ ማስክ አድርጎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ከላፕቶፑ ፊት ይቀመጣል። አስተማሪዋ ቤቷ ናት፣ በዙም ነው የምታስተምረው። የሚጠብቃቸው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ቁጭ ብሎ ዙም ለማየት አውቶቡስ ይሳፈር ማለት ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። ከክትባቱ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የወሰደችው፤ ቀጠሮውን ለማግኘት ከዌብሳይቱ ጋር ስንት ቀን ታግለን። እኔ ደግሞ የምሠራበት ቦታ ያየሁትን አይቻለሁ። አልጋ ስናነጥፍ ትናንት የነበረው ሰው ዛሬ የለም። ይሄን ያየ ሰው ልጁን ለሁለት ቀን ዙም ብሎ አይልክም። «አይ» ብዬ መለስኩ። አርባ ስምንት ሰዓት አልፈጀብኝም፣ ሰባት ደቂቃ ነው።

ባለቤቴ አኮረፈ። «አንቺ አይደለሽ ክፈቱ ስትዪ የነበርሽው?» አለኝ። ልክ ነው። በኋላ እንደሰማሁት እምቢ ያልን ብዙ ነበርን፣ በተለይ ሥራው ከቤት መሥራት የማይፈቅድለት ወላጅ። ሊፍቱ ውስጥ ያለችው ሌላዋም እምቢ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ወላጆች ቤት ነው የመረጡት።» እኔ የመረጥኩት ቤትን አይደለም! ያንን ክፍል፣ ያንን ማዳመጫ ነው እምቢ ያልኩት። ፎርሙ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። «አዎ» እና «አይ» ብቻ።

ከቻርተር ጋር ስትጣዪ የሚመልሱልሽ አንድ ነገር አለ፤ አፍ አውጥተው አይሉትም እንጂ። ካልተመቸሽ ሂጂ ነው። ገንዘቡም ልጁን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሥርዓቱ የተሠራው ለዚያ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት መቼም በሩን አይዘጋብሽም፣ መብትሽ ነው። ግን በዚያ ዓመት፣ ልጁ የለመዳት አንዲት አስተማሪ ብቻ ባለችበት፣ እሷንም ከእጁ ልንጠቅ? አልቻልኩም።

ኦገስት 2021 መጨረሻ ላይ ከተማው በሙሉ አምስት ቀን ገባ። በሩ ላይ ስናደርሰው ያቺ የዙም አስተማሪ ቆማ ልጆች ትቀበላለች። ልጄ እጄን ጎተተኝ። «እማዬ፣ አጭር ናት እኮ!» አለኝ። ዓመት ሙሉ ያወቃት ከአንገት በላይ ነው።

እዚያው ትምህርት ቤት ነው እስካሁን። ማንበቡ ዘግይቶ መጣ፣ ግን መጣ። ስለዚህ እህቴ፣ ቻርተር አትግቢ አልልሽም። ሎተሪውን ሙዪ። ስትጎበኚ ግን ግቢውን ብቻ አትዪ። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ወላጆች እነማን እንደሆኑ ጠይቂ፣ ስልካቸውን ተቀበዪ።

ባለፈው ወር እንደገና ሰርቬይ መጣልኝ። «ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ረክተዋል?» ታች «ሌላ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ስለ ማዳመጫው፣ ስለዚያ የተዘጋ ቻት፣ ሁሉንም ጻፍኩላቸው። በአማርኛ። ያ ዲቃላን የጻፈው ማሽን ይተርጉምላቸው።