ዓሳውን ከውሃ አታውጡት፦ በዓሳ አጥማጆች ክበባችን ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ወዳጆቼ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከሩቅ የመጣችሁም ሥራ ትታችሁ የመጣችሁም አክብራችሁናል፣ አዳራሹን ያዘጋጃችሁ ልጆችም ተባረኩ። ዘንድሮ ለጀማሪዎች የፍላይ፣ ማለትም ነፍሳት በሚመስል ቀላል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ አወራወር ስልጠና ሰጥተናል፣ ማንግሮቩ፣ ባህር ዳር ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ ውስጥ የተጠላለፈ የናይለን ክር ለቅመናል፣ አዲስ አባላት መጥተዋል። ካዝናው ሳስቷል፣ እሱን ገንዘብ ያዣችን ይነግራችኋል።

እኔ ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ነገር ልግባ፣ የፎቶው ነገር። ይዘን እንለቃለን ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን፣ መኩራትም ይገባናል። ግን ቦንፊሽ የምንለው ዓሳ ታግሎ ታግሎ ዝሎ ሲመጣ ብድግ ይደረጋል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ስልክ ይፈልጋል፣ "አንዴ ድገመው" ይባላል፣ ከዛ ይለቀቅና ሰውየው ዋኝቶ ሄደልኝ ብሎ ደስ ብሎት ይመለሳል። የት እንደደረሰ መች አየ? የምናጠምደው ጥልቀት በሌለው ሙቅ ውሃ ነው፣ ሙቅ ውሃ ኦክስጅን አይበዛበትም፣ አዳኞቹ ሻርክና ባራኩዳ ደግሞ እዛው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የባሃማስ ጥናት ሚዛኑን ስቶ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ መዋኘት አቅቶት፣ የተለቀቀ ቦንፊሽ በአዳኝ የመበላት ዕድሉ ከ6 እጥፍ በላይ ነው ይላል። ከ6 እጥፍ በላይ! ለአንድ ፎቶ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ርዝመቱ ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር ገደማ፣ የሚበልጥ ታርፖን የሚባል ትልቅ ዓሳ ከውሃ ማውጣት በህግ ክልክል ነው፣ ታርፖን ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ያቀረብነው የደንብ ረቂቅ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁ፣ ሉር፣ ማለትም ትንሽ ዓሳ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ላይ ያለውን ባለሦስት መንጠቆ በነጠላ ቀይሩ፣ ዓሳውን ውሃ ውስጥ እንዳለ ፍቱት። የሉር ልጆች ደግሞ "የፍላይ ሰዎች ሊያዙን ነው" ብለው ተቆጡ፣ "እናንተስ በቀጭን ሊደር (መንጠቆው የሚታሰርበት የክሩ ጫፍ) ዓሳውን እስኪሞት አታለፉትም ወይ" አሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው! ጠንከር ያለ ሊደር አስረን ቶሎ ማምጣት አለብን፣ ረቂቁ ላይም ይጨመር። ግን ባለሦስቱ መንጠቆ አንዱ ከንፈሩን ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ወይ ጉንጩን ይይዛል፣ እሱን ስንነቅል የሚባክነው ጊዜ የዓሳው ትንፋሽ ነው፣ ይሄ የፍላይና የሉር ጉዳይ አይደለም እኮ።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ክርክሩ አይደለም፣ የሚከራከር ሰው ግድ አለው። በስልክ ይዘውኝ ሲሟገቱ ያመሹ ሰዎች ስብሰባ ሲጠራ የሉም፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ በትነን ሄደናል፣ ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው። ስም አልጠራም፣ እነሱም ያውቁታል እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙዎቹ ውሃ እንዴት እንደሚነበብና የባህሩ ሙላት ሲገባ ዓሳው በየት እንደሚመጣ ያስተማሩን ታላላቆቻችን ናቸው፣ ያለነሱ ድምፅ ማስወሰን አልፈልግም፣ ተቃውሟቸውንም እዚሁ ፊት ለፊት ልስማው።

ድምፅ የሚሰጠው ከሰዓት ነው። ስልካቸው ያላችሁ አሁኑኑ ውጡና ደውሉላቸው፣ ይደርሳሉ።