ኩሬው የሚችለውን ያህል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

የዛሬው ስብሰባ የዘንድሮውን የዓሣ ጫጩት ለመከፋፈል ነው። ስለ ጾም ወቅት ገበያም እንድናገር ታዝዣለሁ፤ እሱን እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ። እዚህ ያቆመኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ኩሬዬን አብራችሁኝ የቆፈራችሁ እዚሁ አላችሁ። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ቢታሰብ 200 የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ይበቃው ነበር። የመጣልኝ ግን 1,000 ነው፤ ለምን ብል «ዕቅዱ እንዲሞላ ነው» ተባልሁ። እኔም ሆዳም ሆኜ ተቀበልሁ። ቶሎ እንዲያድጉልኝ ፉርሽካውን፣ የኑግ ፋግሎውን፣ የበረቱን ፍግ አበዛሁባቸው፤ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሲሆን ለማልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ብወጣ ኩሬው ላይ ዝናብ የሚዘንብ መሰለኝ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ባትሪ ባበራ የውሃው ፊት በሙሉ አፍ ሆኗል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቀን በፀሐይ ኦክስጅን የሚያወጣው ያ ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው ዋቅላሚ (አልጌ) ሌሊት ከዓሣው ጋር እንደሚሻማ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በባልዲ እየቀዳሁ ከላይ ሳፈስስ፣ ከመስኖው ቦይ ውሃ ስለቅቅ ፀሐይ ወጣች፤ ከግማሽ በላዩ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፏል። አንዷን እናት ባነሣት በአፏ ታቅፋቸው የነበሩ ሰናፍጭ የሚያካክሉ ቢጫ እንቁላሎች መዳፌ ላይ ተራገፉ።

ይህን ለዓሣ ባለሙያው ስነግረው «አይዞህ፣ ዓሣ ምን ይሰማዋል፤ ሌላ እናመጣልሃለን» አለኝ። ይሰማዋል እንጂ! ካልተሰማውማ ሌሊቱን ሁሉ አየር ፍለጋ ምን አንጋጠጠው? ቆጥሮ የሰጠኝ ሰው የሞቱትን ለመቁጠር አልተመለሰም፤ በሪፖርቱ ላይ ዛሬም 1,000ዎቹ በሕይወት አሉ!

የቀረውን ላሳጥር። ዓሣውን ስናወጣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታፍኖ እስኪሞት ፀሐይ ላይ አንተወው፤ ጭንቅላቱን አንዴ አጥብቆ መምታት ለእሱም ለሥጋውም ይሻላል። የኩሬውን ዝቃጭ ወደ ማሳችን እንጂ ወደ ጣና በሚወርደው ወንዝ አንልቀቀው፤ እምቦጩን የሚያፋፋው እንዲህ ያለው ፍግ ነው። ስለ ገበያውም፣ የተጨናነቀ ቆሮሶ ቀጭጮ ስለሚቀር በጾምም ቢሆን ዋጋ አያወጣም።

ጫጩቶቹ ውጭ በርሜል ውስጥ ናቸው። ከመረከባችን በፊት እያንዳንዳችን የኩሬያችንን ስፋት እናስመዝግብ፤ ከሚችለው በላይ ለተቆጠረልን አንፈርም። እኔ የምፈርመው ለ200 ብቻ ነው።