አንቀጽ 4፦ በድሬዳዋ የፔታንክ ክበብ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ጡረተኛ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የከዚራና የመጋላ ጎረቤቶች፣ ከጅቡቲ ለዘመድ ጥየቃ መጥታችሁ በዚያው ለጉባኤያችን የደረሳችሁ ወንድሞች፤ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጂርቱ፣ ነበድ። ድሬ ላይ ሰላምታ ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃልና በዚህ ይብቃኝ።

የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። አጭር ነው፤ ገንዘቡም አጭር ስለሆነ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስለ መተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 4። አባል መሆን የሚችለው የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ወይም የእነዚህ ወንድ ልጅ ነው ይላል። ሥራ አስፈጻሚው ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ ለጉባኤው አቅርቧል። ገና አጀንዳው ሳይበተን ወሬው ሻይ ቤት ደርሶ፣ አንዳንዶቻችሁ «ክበቡን ሊሸጡት ነው» እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ማንም ምንም አይሸጥም፤ አብሽሩ። ለመሸጥም የሚበቃ ንብረት የለንም።

የከተማችንን ታሪክ እዚህ ላላችሁት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከኋላ ለተቀመጡት ልጆች ስል ግን በአጭሩ ልበል። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው እምቢ አለ። መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና ከተማዋ ከተራራው እግር ሥር ተቆረቆረች፤ ስሟም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዋናው ወርክሾፕ ግን እዚሁ ድሬ ነበር፤ ሎኮሞቲቭ ሲታመም የሚታከመው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጩም፣ ቶርኖ ሠራተኛውም፣ ነጂውም፣ የፈረንሳይኛ ደብዳቤ የሚጽፈውም ከዚራ ዛፎች ሥር ተሰባስቦ ይኖር ነበር። ፔታንክም፣ ይህ የብረት ኳስ ውርወራችን፣ ከባቡሩ ጋር ነው የመጣው።

ጨዋታው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ላ ሲዮታ በምትባል የወደብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የኳስ ውርወራ መንደርደር ይጠይቅ ነበር። አንድ የታወቀ ተጫዋች ቁርጥማት ይዞት መንደርደር ሲያቅተው፣ እግሩን ገጥሞ ቆሞ የሚጥልበት አጨዋወት ተበጀለት፤ ርቀቱም አጠረ። ይህን የማነሳው «የሽማግሌ ጨዋታ ስለሆነ ነው ወጣቱ የራቀን» ለምትሉት ነው። እውነት ነው፣ መገጣጠሚያው ለታመመ ሰው ሲባል ነው የተጀመረው። ግን ድሬ ላይ ሲጫወቱት የነበሩት ሽማግሌዎች አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሱ የሚውሉ፣ ክንዳቸው እንደ ብረት የጠና ጎልማሶች ነበሩ። ያረጀው ጨዋታው ሳይሆን እኛ ነን፤ አብረነው ስላረጀን መለየት አቃተን።

ደግሞ ርካሽነቱን ተመልከቱ። ሣር አይፈልግም። ሣር ቢፈልግ ኖሮ በዚህ ሙቀት ስንት ቀን ያድር ነበር? ደረቅ አፈርና ጠጠር ይበቃዋል፤ እሱ ደግሞ ድሬ ላይ በነፃ ነው። ክብ ተሰምሮ፣ ትንሿ የእንጨት ኳስ ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ትጣላለች። ከዚያ ክብደቷ ከ650 እስከ 800 ግራም የሆነችውን የብረት ኳስ፣ እኛ በአጭሩ ብረት የምንላትን፣ ወደ እሷ ማስጠጋት፣ ወይም የባላጋራን ብረት መትቶ ማስወጣት ነው። ቀድሞ 13 የደረሰ አሸነፈ። 13 ለዜሮ የተሸነፈ ሰው ላይ ፈረንሳዮቹ የሚፈጽሙት ሥርዓት አለ፤ እናቶች ስላሉ አልናገረውም። የኛ አባቶች በአንድ ሳጥን ለስላሳ ቀይረውታል፤ ጥሩ አደረጉ።

የደጉን ጊዜ ያየ ያውቀዋል። ያኔ ውድድሩ በሥራ ክፍል ነበር፤ ነጂዎች፣ ወርክሾፕ፣ ቢሮ። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ከተኛበት ሲነሳ፣ 10 ሰዓት ግድም ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሜዳው ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ተጠርጎ ይጠብቃል። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመናዊውም ነጋዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ዋናው ጨዋታ ግን ክርክሩ ነበር። ሁለት ብረቶች ከእንጨቷ እኩል የራቁ ሲመስሉ ተራ ሰው በገመድ ይለካል። የወርክሾፕ ልጆች ግን ገመድ አያምኑም። አንዱ ቶርኖ ሠራተኛ ከቱታው ኪስ ካሊፐር፣ ያን የሚሊ ሜትር ሽራፊ የሚለካ መሣሪያ፣ አውጥቶ ተንበርክኮ ሲለካ አይቻለሁ። ከፊቱ አንድ የቢሮ ሰው ነጭ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ቁጢጥ ብሎ፣ ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ሲያዘው ሰው ሁሉ ዝም አለ። በሚሊ ሜትር ሽራፊ ነበር የተለያዩት። ለሳምንት ያህል ቢሮና ወርክሾፕ ሰላም አይባባሉም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያንን ሁሉ ማን ነበር የሚከፍለው? ውሃው የኩባንያው፣ አጥሩ የኩባንያው፣ ጥበቃው የኩባንያው፣ ብረቱ ከፈረንሳይ በኩባንያው ዕቃ መሐል የሚመጣ። ከአባላት የሚጠበቀው ከሥራ ወጥቶ መምጣት ብቻ ነበር። የሥራ ሰዓቱ እንኳ ለጨዋታው የተመቸ ነበር። እንዲህ ያለ ክበብ ሲያድግ የሚደነቅ ነገር የለም። እኛ ግን ያደገው በኛ ጉብዝና መሰለን፤ አንቀጽ 4ም የተጻፈው በዚያ ስሜት ነው። የሚገባው ሰው ብዙ ስለነበር ጭንቀቱ ማንን እናስወጣ የሚል ነበር።

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት እስከ ከተማችን ደጃፍ ደረሰ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ፈረንሳዮቹም ቀደም ብለው መውጣት ጀምረው ነበር። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ባቡሩ ገደል ገብቶ ከ400 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ የሚያውቀውን ሰው ያላጣ ቤት በዚህ ሰፈር ጥቂት ነበር፤ ሜዳው ላይ ለረጅም ጊዜ ብረት የሚያነሳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሃዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። በ2000 ዓ.ም. ግድም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ጭራሹን ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ሠራተኛው እንደ ድሮው ከዚራ አይኖርም፤ ከሥራ ወጥቶ በእግሩ ወደኛ የሚመጣ የለም። መልካም ባቡር ነው፤ ክበብ ይዞ ግን አልመጣም።

ልጆቹን ስልክ ወሰዳቸው፣ የጫት በርጫ ወሰዳቸው የሚለውን ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላውን በርጫ እንደወሰደው አልክድም። ግን ድሮም ነበር። እነዚያ ነጂዎች ሁሉ ውሃ ብቻ ይጠጡ ነበር ያላችሁ ማነው? ስልኩንም ተዉት። ከዚህ አጥር ማዶ ያሉትን ልጆች ተመልከቷቸው፤ ብይ ሲጫወቱ ይውላሉ። ብይ የለመደ እጅ ርቀት መገመት፣ የሌላውን መትቶ ማስወጣት፣ ለጓደኛው መንገድ መክፈት ያውቃል። የቀረው ብረቱን ማንሳት ነው። ከነዚያ ልጆች አንዱ ባለፈው ገብቶ «ጋሼ፣ አንዴ ልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባትህ ምድር ባቡር ሠርቷል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አባቱ ባጃጅ ነጂ ነው። ልጁ ወጣ። ስልክ አልነበረም ያስወጣው።

የማትስማሙ ሦስት ዓይነት ስጋት እንዳላችሁ ይገባኛል፤ ሦስቱንም አከብራለሁ። በሩ ከተከፈተ ዱርዬ ይገባል ትላላችሁ። ዱርዬ ከሆነ በደንቡ ይወጣል፤ የሥነ ሥርዓት አንቀጻችን እንዳለ ነው፣ አልተነካም። በርጫ ቤት ይሆናል ትላላችሁ። ከግድግዳው ጥግ ያለውን የጫት ገረባ በየማታው የሚጠርጉት ሰው እዚህ አሉ፤ የማን እንደሆነ ይነግሯችኋል፤ የአዲስ አባል አይደለም። የባቡር ሠራተኛው ታሪክ ይጠፋል የሚለው ግን ከባድ ነው። ለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ፣ የሚሰማቸው ደግሞ የለም። ታሪክ ለመንገር ከተናጋሪው ሌላ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ካሊፐሩን ማን እንዳወጣና ነጭ ሱሪ የለበሰው ማን እንደነበር ለዚያ የባጃጅ ነጂ ልጅ ብትነግሩት በደስታ ይሰማችሁ ነበር።

ሌላም አለ። ይህ ሜዳ ዛሬም ሜዳ የሆነው በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ባለቤታቸው የወርክሾፕ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ በኋላ ሜዳችን ጭቃና ድንጋይ ሲሆን፣ አካፋ ይዘው መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ማለዳ ጠጠሩን ይለቅማሉ፣ ከሰዓት ውሃ ያርከፈክፋሉ፣ ቁልፉ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። እኛ ጥለን የሄድነውን ብረት አንድ በአንድ ጠርገው፣ በዘይት ጨርቅ አብሰው ሳጥን ውስጥ ይደረድራሉ። ብዙዎቹ ብረቶች ከመፋተጋቸው የተነሳ ክብደታቸው የተቀረጸበት ቁጥር ጠፍቷል፤ እሳቸው ግን በእጃቸው መዝነው የማን እንደሆነ ይነግሯችኋል። ስማቸውን ብጠራ ስለሚቆጡኝ አልጠራም፤ እዚያ በሩ ጋ ተቀምጠዋል። በአንቀጽ 4 መሠረት እሳቸው እንግዳ ናቸው። ሴት ልጃቸውም እንግዳ ናት። ወንድ ልጃቸው ቦስተን ነው ያለው፤ ሜዳውን ከረገጠ ዘመን የለውም፤ እሱ ግን መብት አለው። ይህን ደንብ የምትደግፉ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተነሱና ለእኚህ እናት ፊት ለፊት አስረዱልኝ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል። አዲስ አባል ቢመጣ ችግራችን በአንዴ አይፈታም። ብረት ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ጅቡቲ ያሉ ወንድሞቻችን ያገለገለ ብረት ሊያመጡልን ቃል ገብተዋል፣ እናመሰግናለን። አጥሩ መጠገን አለበት። መብራቱ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ስለዚህ የምንጫወተው እስኪመሽ ብቻ ነው። የአባልነት መዋጮ ለጡረተኛ ባለበት ይቆያል፤ የጡረታው መጠን ምን እንደሚያህል ሁላችን እናውቃለን። ለወጣቶች ደግሞ በገንዘብ ፋንታ ሜዳ የመጥረግ ተራ እንዲሰጣቸው ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በግሌ እደግፈዋለሁ፤ የምትቃወሙ ስትወያዩ ተናገሩ።

ማሻሻያው እንዲጸድቅ ደንባችን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ድምፅ የሚሰጠውም እጅ በማውጣት ነው። በወረቀት ይሁን ያላችሁ ነበራችሁ። በዚህ ቁጥራችን በወረቀት ብናደርገውስ የማን ጽሕፈት እንደሆነ የማይለይ ማን አለ? እጃችሁን በግልጽ አውጡ፤ የተቃወመኝን ሰው አላኮርፍም። ካኮረፍኩም እስከ ማክሰኞ ጨዋታ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ስም እየጠሩ ያረጋግጡልን፤ ከዚያ ገንዘብ ያዡ ይቀጥላሉ፤ አንቀጽ 4 ከሻይ በፊት ነው። ከ12 ሰዓት በፊት ከጨረስን አንድ ዙር ለመጣል ብርሃን ይኖረናል።