ዎክ ላይ ጥብሱ ለምን ውሃ ይሞላል?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዎክ የሚባለውን ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ ገዝቶ ጥብሱ ግን ቅቅል የሚሆንበት ሰው ብዙ ነው። ታዲያ ዘይት አነሰ ይልና ይጨምርበታል። እኔ ግን ጥፋተኛው ውሃ ነው ባይ ነኝ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ብትወርዱ 94 አካባቢ ይሆናል። ሥጋው እርጥብ ሆኖ ብረቱ ላይ ካረፈ፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ገጹ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ቡናማ የሚያደርገው ሙቀት ደግሞ ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው። ዘይቱ የሚጨስበት ሙቀት ግን ጦሳ ተራራ አናት ላይ ብትወጡም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ከፍታው የሚያስቸግረን በውሃው በኩል ነው።

እንግዲህ ሥራው እሳት ሳይነካ ይጀምራል። አትክልቱን ካጠባችሁ በኋላ አንጠፍጥፉት፣ በንጹሕ ጨርቅም አድርቁት። ሥጋውን ክሩን አቋርጣችሁ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ክተፉት። ጨው ቀድሞ ከገባ ከሥጋው ውሃ ስቦ ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ ይግባ።

አሁን ባዶውን ብረት እሳት ላይ ጣዱት። ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ጭሽ ብሎ ከጠፋ ገና ነው፤ እንደ ኳስ ከተንከባለለ 200 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ያን ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አፍስሱና ግድግዳው ላይ አዙሩት፤ ወዲያው ሥጋው ይግባ። ዘይቱን ከብረቱ ጋር አብሮ ማሞቅ ለምን አልወድም? ረጅም ሰዓት ሲግል ይበላሻል፣ ሥጋው ሳይገባም ይጨሳል። ቀጭን ጭስ አይጎዳም፤ ወፍራም ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን አውርዱት፣ ሲበርድ ድፉት፣ ጠርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ይህ የብረት ዎክ ሥርዓት ነው፤ የማይዝ ሽፋን ያለው መጥበሻ ባዶውን አይጋልም፣ ሽፋኑ ይበላሻል።

በአንድ ጊዜ ሩብ ኪሎ ሥጋ ይበቃል። ለግማሽ ደቂቃ አትንኩት፤ ከዚያ አገላብጡት። ድምፁን አዳምጡ፤ ጭሽታው ወደ ቡልቅ ቡልቅ ከተቀየረ ብረቱ ቀዝቅዟል። ግማሹን አውጡና ብረቱ እንደገና ይጋል። ካሮትና ሽንኩርቱ ለብቻቸው በተራ ይግቡ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለመጨረሻዎቹ ሃያ ሰከንዶች፤ ሥጋው ከዚያ ይመለስ።

ለዚህ ሙቀት የተጣራ የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው፤ ከ220 ዲግሪ በላይ ይችላል። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ቶሎ ይጨሳል። ንጥር ቅቤ ራሱ ሙቀት ይችላል፤ ውስጡ የቀረው ኮረሪማና ኮሰረት ግን ያርራል፤ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩት። በርበሬ በዚህ ሙቀት በሰከንዶች ይመራል፣ ቤቱንም ሁሉ ያስላል። የቁሌት ሥራ ለድስት ይቅር።

ክብ ታች ያለው ዎክ ለኤሌክትሪክ ምድጃ አይሆንም፤ የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው፤ ለዚያ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን ግዙ። ከሰል ላይ ግን በደንብ ይቀመጣል፤ ወደ ፍሙ ጠጋ ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ስለሆነ ፍሙ የሚያገኘው አየር ያንሳል፤ ማራገቢያ አይለያችሁ። በብርዱ ምክንያት በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ግን ሰው ይገድላል፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ ክዳን ግጠሙበት፣ ምድጃውን አጥፉ፣ እስኪበርድ አትክፈቱት።

ሲያልቅ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ እሳት ላይ አድርቁት፣ በዘይት የነካ ጨርቅ ቀባ አድርጋችሁ ስቀሉት።