ሞረዱ ያረፈበት ጠርዝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ከኮምቦልቻ ነው። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልናገር አስቤ ነበር፤ ሆኖም ያ በክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚኖረው፣ ደጋግሜ ያነሳሁላችሁ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የአባባ ዕንቁ ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዕንቁ አይደለም፤ ብርጭቆ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ደሴ ላይ ኦፓል የሚባለውን የደላንታ የከበረ ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ በማጉያ መነጽር በውስጡ የታሰሩትን ድቡልቡል የአየር አረፋዎች አሳይቶኝ «የጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ባሕር አሽቶታል» አለኝ። በዚያ ማብቃት ነበረብኝ። እኔ ግን አሜቴስጢኖስ የሚባለው ወይን ጠጅ የከበረ ድንጋይ ይሆናል የሚለውን ተስፋ መተው አልቻልኩም። የብረት ሞረድ አሜቴስጢኖስን እንደማይበላው፣ ብርጭቆን ግን እንደሚበላው አንብቤ ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠርዙን ሞረድኩት።

አባባ ፊት ለፊቴ ነበሩ። ሞረዱ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ በሦስተኛው ቅንጣት ስባሪ ተፈንጥራ ወጣች፤ ጉም በለበሰው ገጽ ላይም ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ታየ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነበር። «አወቅሁት!» ብዬ ጮህኩ። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱና «አሁን ይወጋል» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኤንትሬ የጭነት መኪናቸውን በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ ይነዱ በነበረበት ዘመን፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ያንን መንገድ ከመዝጋቱ በፊት፣ ጭነት እስኪደርሳቸው ባሕሩ ዳር በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ነበር ይህን የረገጡት። ጠርሙስ ወጋኝ ብለው እግራቸውን ቢያነሱ ደም የለም። ወደ ቤት ይዘውት የመጡትም ስላልወጋቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ነግረውኝ አያውቁም።

ያንን ጉም የሚመስል ልባስ ማዕበሉ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር እያጋጨ፣ ጨዋማው ውኃም ከብርጭቆው ሶዳውንና ኖራውን እያጠበ፣ በአሥርት ዓመታት ይሠራዋል። እኔ በሦስት ምልልስ ገፈፍኩት። ቀለሙም ቢሆን የዕድሜ ነው፤ በአሸዋ ውስጥ ያለው ብረት ብርጭቆን አረንጓዴ ስለሚያደርገው፣ የቀድሞ ሠሪዎች ያንን ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥርት ያለ ብርጭቆ ደግሞ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ወይን ጠጅ ይሆናል። ይህ አሠራር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እየቀረ በመሄዱ፣ ጠርሙሱ መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። የጣልያኑ ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ምናልባት ከዚያ ወዲህ ከመጡት መርከቦች ከአንዱ ተጥሎ… ይህንስ ልተወው። የማን ጠርሙስ እንደነበረ ባውቅ ጠርዙ አይመለስልኝም።

የክብሪት ቀፎው አሁን ባዶ ነው፤ አባባ ብርጭቆውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተውታል። ትናንት ቡና እየጠጣን እጃቸው እዚያ ኪስ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እያለሰለሱት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ በጣት እንደማይለሰልስ እያወቅሁ። «አባባ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ሲኒያቸውን ተቀበልኩና…