ሰማያዊዋ ነበልባል

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ ሙያዬ ላወራችሁ ነው። ስለ እሳት።

የመካኒካል ምህንድስና መምህር ነኝ። ምርምሬ ቃጠሎ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜዬን የወሰደው የናፍጣ ሞተር ነው፤ ጥላሸት ከየት ይመጣል የሚለው። እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ በኩል ጭነት ይዘው ዳገት የሚወጡ ገልባጭ መኪኖችን አይታችኋል አይደል? ጥቁር ጭስ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ፣ የደከመበት ሞተር በቂ ኦክስጅን አያገኝም፤ ናፍጣው ግን እንደ ልብ ይረጫል። ነድዶ ያላለቀው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ተማሪዎቼ «መምህር፣ ይሄ ትምህርት አበቃለት ማለት ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን እሳት ቤታችን ውስጥ አለ። የመኪናውን ጭስ ሁሉም ያየዋል፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የማይታየው ነው።

ስለዚህ አሁን ኮርሱን የምጀምረው ከከሰል ማንደጃ ነው። ከሰሉ ፍም ሲሆን ላዩ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነበልባል ትታያለች። ሁላችንም እያየናት ነው ያደግነው። ከታች የገባው አየር ከሰሉን አቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መሃል ሲያልፍ ተጨማሪ ካርቦን ይወስድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። አናቱ ላይ አዲስ አየር ሲያገኝ ይነድዳል። ሰማያዊዋ ነበልባል ይህች ናት።

እሷ ስትጠፋስ? ፍሙ አመድ ለብሶ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ሳይነድድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ኦክስጅን ከሚሸከመው የደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅኑ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል።

እኛ ጋ ግን «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ይግባ» ይባላል። ክረምት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በርና መስኮት ይዘጋና ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። ከሰል የማያጨሰው እኮ የሚያጨሰውን ነገር እንጨቱ ሲከስል ስለጨረሰ ነው። መርዙ አብሮ አልወጣለትም። ሰው እንደተኛ ይቀራል። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ሞተር ከማስተማሬ በፊት ይህን የማስተምረው ለዚህ ነው።

እባካችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ከቤት አውጡት። ፍም ባለበት ክፍል ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወዲያው ውጡ፤ ሌላውንም አውጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ቸር ሰንብቱ።